በጁንቲንዝ የዘገየው ወሬው አልነበረም

በየዓመቱ ጁን 19፣ የጁንቲንዝ በዓል ሲደርስ፣ ዋሽንግተን፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ያሉ ወገኖቻችን ባንክ ሄደው ዝግ ሆኖ ያገኙታል። ፖስታ ቤቱም ዝግ ነው። "ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው?" ይባላል። መልሱ ቶሎ ይመጣል፦ "ጥቁሮች ከባርነት የወጡበት ቀን ነዋ!" ትንሽ ያነበበ ሰው ደግሞ ይጨምርበታል፦ "ባርነት ከቀረ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኖት ነበር፤ ቴክሳስ ላሉት ግን ወሬው አልደረሳቸውም።"

ይህ መልስ በጋዜጣም በቴሌቪዥንም ስለሚደጋገም ብዙ ሰው አምኖ ተቀብሎታል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ግን የቀኑን ትርጉም ያበላሸዋል። ታሪኩን የፖስታ መዘግየት ያስመስለዋልና።

ጉዳዩ ሰሞኑን እንደገና መነጋገሪያ የሆነበት ምክንያትም አለ። በ2025 በበዓሉ ዕለት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ትራምፕ በማኅበራዊ ሚዲያ ገጻቸው ላይ ሥራ የሚዘጋባቸው በዓላት በዝተዋል፣ አገሪቱንም በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር እያስወጡ ነው ብለው ጻፉ። የበዓሉን ስም አልጠሩም። ቀኑ ግን ጁንቲንዝ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ደግሞ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በነጻ የሚገባባቸውን የ2026 ቀናት ሲያስታውቅ ጁንቲንዝና የማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ከዝርዝሩ ወጥተው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ይቀራል ወይስ ይቀጥላል የሚለው ክርክር ሞቋል። ለመከራከር ግን መጀመሪያ የሚከበረው ነገር ምን እንደሆነ ማወቅ ይገባል።

(የኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ካልጠቀስኩ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስሙ

"ጁንቲንዝ" ከሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት ተጨምቆ የወጣ ነው። አንዱ "ጁን"፣ የወሩ ስም ነው። ሌላው "ናይንቲንዝ"፣ አሥራ ዘጠነኛ ማለት ነው። የቴክሳስ ጥቁሮች በአፋቸው አገጣጠሙት፤ ስሙም በዚያው ጸና። "የኢዮቤልዩ ቀን" የሚሉትም ነበሩ። ይህን ስም የወሰዱት ከኦሪት ዘሌዋውያን ነው፤ እዚያ በኢዮቤልዩ ዓመት ለባርነት የተሸጠ ሰው ወደ ወገኑ ይመለሳል። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ በዚህ ዘመን ሰኔ 12፣ በሰኔ ሚካኤል ይውላል።

አዋጁ ማንን ነጻ አወጣ?

በ1860 በተደረገው ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ ወደ 4 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች በባርነት ይኖሩ ነበር። በቀጣዮቹ ወራት 11 የደቡብ ግዛቶች ተገንጥለው "ኮንፌዴሬት" የተባለ የራሳቸውን መንግሥት አቆሙ። በእነሱና በፌዴራሉ መንግሥት መካከል የእርስ በርስ ጦርነት በ1861 ተጀመረ።

ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን በሴፕቴምበር 1862 ማስጠንቀቂያ ሰጡ። ያመፁት ግዛቶች እስከ ዓመቱ መጨረሻ ካልተመለሱ በውስጣቸው ያለ ባሪያ ሁሉ ነጻ ይሆናል አሉ። የተመለሰ አልነበረም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1863 የአርነት አዋጁ ጸና።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር እዚህ ላይ ነው። አዋጁ የሚሠራው ባመፁት ግዛቶች ብቻ ነበር። ኬንታኪ፣ ሚዙሪ፣ ሜሪላንድና ደላዌር ባርነት እያለባቸው ከሊንከን ጋር የቆሙ ግዛቶች ናቸው፤ አዋጁ አይመለከታቸውም። የፌዴራሉ ጦር አስቀድሞ የያዛት ቴነሲም ተዘልላለች። በአጭሩ፣ አዋጁ ነጻ ያወጣው በአብዛኛው የሊንከን እጅ በማይደርስበት ቦታ ያሉትን ነው። እጃቸው በሚደርስበት ቦታ ያሉትን አብዛኞቹን አልነካም።

ይህ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ምክንያት ነበረው። በጊዜው በነበረው ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ባርነትን በአዋጅ የማጥፋት ሥልጣን አልነበራቸውም። ማድረግ የሚችሉት እንደ ጦር አዛዥ የጠላትን ጉልበት መንጠቅ ነበር። የባሪያ ጉልበት ደግሞ የደቡብ ጦር ስንቅ ነው። ስለዚህ አዋጁ የጦርነት እርምጃ ሆኖ ተጻፈ። በድንበር ያሉት ግዛቶች ከተነኩ ወደ ተገንጣዮቹ ሊያዘነብሉ ይችላሉ የሚል ስጋትም ነበር።

እንዲህ ሲባል አዋጁ ባዶ ወረቀት ነበር ማለት አይደለም። ጦሩ አንድ ከተማ በያዘ ቁጥር በዚያ ያለው ሰው በሕግ ነጻ ይሆናል። ጥቁሮች ወታደር ሆነው እንዲመዘገቡም በሩን ከፈተ። እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ወደ 180 ሺህ ጥቁሮች በፌዴራሉ ጦር ውስጥ ተሰልፈዋል። ብዙዎቹ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ባሪያ የነበሩ ናቸው። ነጻነቱን ከላይ የተጣለ ስጦታ አድርጎ የሚያወራ ሰው ይህን ቁጥር ማስታወስ አለበት።

ቴክሳስ ለምን ወደኋላ ቀረች?

የጋልቭስተን ከተማ ታሪክ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ጋልቭስተን የቴክሳስ ዋና ወደብ ነበረች። የፌዴራሉ ጦር በኦክቶበር 1862 ያዛት። ተገንጣዮቹ መልሰው የወሰዷት መቼ ነው? ጃንዋሪ 1 ቀን 1863። አዋጁ በጸናባት በዚያችው ዕለት ማለት ነው። ጁንቲንዝ የተወለደባት ከተማ አዋጁ በታወጀ ቀን ከአዋጁ እጅ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ቴክሳስ ከዋናው ጦርነት ራቅ ብላ ቆየች። ጥጧን በሜክሲኮ በኩል እያወጣች ትሸጥ ነበር። ከሉዊዚያና፣ ከሚሲሲፒና ከአርካንሶ ያሉ ባሪያ አሳዳሪዎች የፌዴራሉ ጦር ሲቃረብባቸው ሰዎቻቸውን እየነዱ ወደ ቴክሳስ ሸሹ። በ1860 ቴክሳስ ውስጥ በባርነት የነበሩት ወደ 183 ሺህ ነበሩ። በ1865 ቁጥራቸው 250 ሺህ ገደማ እንደደረሰ ይገመታል። በሌላው ቦታ ባርነት እየተናደ ሳለ ቴክሳስ ውስጥ ጨመረ።

ታዲያ ወሬው አልደረሰም ነበር? ደርሷል። አሳዳሪዎቹ ንብረታቸውን ይዘው የሸሹት እኮ አዋጁን ስለሰሙ ነው። የቴክሳስ ጋዜጦችም ጽፈውበታል። በባርነት ያሉትም ብዙዎቹ ሰምተዋል። ወሬ በወጥ ቤት፣ በገበያና በጋሪ ነጂ አፍ ይዞር ነበር። ፊሊክስ ሄይውድ የተባሉ የሳን አንቶኒዮ አካባቢ ሰው በባርነት ያደጉ ናቸው። በ1930ዎቹ የመንግሥት ጠያቂዎች ያለፈ ሕይወታቸውን ሲያስነግሯቸው ጦርነቱ እንዴት እየሄደ እንደሆነ ያውቁ እንደነበር ተናግረዋል።

ስለ መዘግየቱ የሚነገሩ አፈ ታሪኮች አሉ። አንዱ መልእክተኛው በመንገድ ተገደለ ይላል። ሌላው በበቅሎ ሲያዘግም ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀበት ይላል። ሦስተኛው አሳዳሪዎቹ አንድ ተጨማሪ የጥጥ ምርት ለመሰብሰብ ሲሉ ደበቁት ይላል። ሦስተኛው ወደ እውነት ይጠጋል፤ በጁን 1865 የነጻነቱ ትዕዛዝ ቴክሳስ ውስጥ ከወጣ በኋላ እንኳን ምርቱ እስኪነሳ ዝም ያሉ ነበሩና። ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። አዋጁን የሚያስፈጽም ኃይል በቦታው አልነበረም። ነጋሪት ቢጎሰምም የሚያስፈጽም ዳኛ ከሌለ አዋጅ ድምፅ ብቻ ነው። ነጻ መሆኑን ያወቀ ሰው እርሻውን ጥሎ ቢሄድ በውሻ ይታደን ነበር።

ለዚህ ነው "ወሬው ዘግይቶ" የሚለው አነጋገር የሚያስከፋኝ። በደሉን ሁሉ በርቀት ላይ ይጥለዋል። ሰዎቹን ደግሞ ምንም የማያውቁ ያስመስላቸዋል።

ትዕዛዝ ቁጥር 3

የደቡብ ዋና ጦር መሪ ሮበርት ሊ ኤፕሪል 9 ቀን 1865 እጃቸውን ሰጡ። ከስድስት ቀን በኋላ ሊንከን በጥይት ተመትተው ሞቱ። ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ የነበረው የተገንጣዮቹ ጦር እጅ የሰጠው ግን በጁን መጀመሪያ ነው። የፌዴራሉ ጦር ጄኔራል ጎርደን ግሬንጀር ወደ 2 ሺህ ከሚጠጋ ጦር ጋር ጋልቭስተን የገቡት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያ ሰሞን ወደ ቴክሳስ ከተላኩት ወታደሮች መካከል ጥቁሮች ብዙ ነበሩ።

ጁን 19 አጠቃላይ ትዕዛዝ ቁጥር 3 ወጣ። በሥዕሎች ላይ ጄኔራሉ በረንዳ ላይ ቆመው ለሕዝብ ሲያነቡ ይታያል። ይህን የሚያጸና ጠንካራ ማስረጃ የለም። ትዕዛዙ በጄኔራሉ ስም በአንድ ሻለቃ ተፈርሞ ወጣ፤ ጋዜጣ ላይም ታተመ። በእጅ የተጻፈው ቅጂ በ2020 በአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተገኝቷል።

ጽሑፉ አጭር ነው፤ ሆኖም ሁለት መንፈስ አለው። የመጀመሪያው ክፍል ባሪያዎች ሁሉ ነጻ ናቸው ይላል። በቀድሞ ጌቶችና በቀድሞ ባሪያዎች መካከል ፍጹም የመብትና የንብረት እኩልነት አለ፤ ከእንግዲህ ግንኙነታቸው የአሠሪና የቅጥር ሠራተኛ ነው ይላል። ለ1865 ይህ ትልቅ ቃል ነው። "ነጻ ናችሁ" ብሎ አልቆመም፤ "እኩል ናችሁ" አለ።

ሁለተኛው ክፍል ድምፁ ይቀየራል። ነጻ የወጡት ባሉበት ቤት ጸጥ ብለው እንዲቀመጡና በደመወዝ እንዲሠሩ ይመክራል። በጦር ሰፈሮች መሰብሰብ አይፈቀድላቸውም። ሥራ ፈትተው የሚጦራቸው እንደሌለም ያስጠነቅቃል። ትናንት በነጻ ሲሠራ የኖረ ሰው ዛሬ "ስንፍና አይፈቀድም" ተባለ። ደመወዙን ማን ይተምን? ከገራፊው ጋር እኩል ተደራዳሪ የሚያደርገው ማነው? ትዕዛዙ ዝም ይላል።

መሬት የመስጠት ሙከራ ነበር። በጃንዋሪ 1865 ጄኔራል ሸርማን በሳውዝ ካሮላይና፣ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ጠረፍ ያለ መሬት ለጥቁር ቤተሰቦች እስከ 40 ኤከር እየተሸነሸነ እንዲሰጥ አዘዙ። 40 ኤከር በእኛ 16 ሄክታር ገደማ ነው። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጆንሰን በዚያው ዓመት አብዛኛውን መሬት ለቀድሞ ባለቤቶች አስመለሱት። ዛሬ ስለ ካሳ ክርክር ሲነሳ "40 ኤከር" የሚለው ቃል የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በ1862 በዋና ከተማዋ በዋሽንግተን ባርነት ሲቀር ካሳ ተከፍሎ ነበር። የተከፈለው ለጌቶቹ ነው፤ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር።

ባርነት በሕግ ያበቃው መቼ ነው?

እዚህም ላይ ግራ መጋባት አለ። ጁን 19 ባርነት በመላው አሜሪካ ያበቃበት ቀን አይደለም። ኬንታኪና ደላዌር ውስጥ ከዚያ በኋላም ቀጥሏል። በመላ አገሪቱ ያስቀረው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው፤ የጸደቀውም ዲሴምበር 6 ቀን 1865 ነው። የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች በሚያስተዳድሯቸው፣ የዛሬዋ ኦክላሆማ በሆኑት ግዛቶች ደግሞ ባርነት የቀረው በ1866 በተፈረሙ ውሎች ነው።

ማሻሻያውም ቀዳዳ አለው። ባርነትንና የግዳጅ ሥራን ይከለክላል፤ "ለወንጀል ቅጣት ካልሆነ በቀር" ይላል። የደቡብ ግዛቶች ይህችን ሐረግ ወዲያው ተጠቀሙባት። "የጥቁር ሕጎች" የሚባሉ ደንቦች አወጡ። ሥራ የሌለው ጥቁር "ቦዘኔ" ተብሎ ይታሰራል። ከታሰረ በኋላ ለእርሻ ባለቤት ወይም ለማዕድን ድርጅት ይከራያል። ብዙዎቹ ወደነበሩበት ማሳ በእስረኛ ልብስ ተመለሱ። ነገሩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2022 አላባማ፣ ቴነሲ፣ ኦሪገንና ቨርሞንት ይህን መሰሉን ቀዳዳ ከግዛታቸው ሕገ መንግሥት ለመዝጋት በሕዝብ ድምፅ ወሰኑ። በ2024 የካሊፎርኒያ መራጮች ግን የእስረኛን የግዳጅ ሥራ የሚከለክለውን ሐሳብ ውድቅ አደረጉት።

ፊሊክስ ሄይውድ በዚያው ቃላቸው ስለ ነጻነቱ ማግስት ያሉት ነገር አለ። እንደ ነጮቹ ሀብታም የምንሆን መስሎን ነበር አሉ። ቶሎ የተማሩት ግን ነጻነት ሰውን እንደሚያኮራ እንጂ እንደማያበለጽግ ነው።

ከብዙ ቀኖች መካከል ለምን ጁን 19?

ጥቁር አሜሪካውያን ነጻነትን የሚያስቡባቸው ቀኖች ብዙ ነበሩ። ጃንዋሪ 1 አዋጁ የጸናበት ነው፤ በዋዜማው ሌሊቱን በጸሎት የሚያነጉ ቤተ ክርስቲያኖች ዛሬም አሉ። ኤፕሪል 16 የዋሽንግተን ነው። ሜይ 20 የፍሎሪዳ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ የሚያከብረው ነጻነቱ ወደ እሱ የደረሰበትን ቀን ነበር። ይህ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ጁንቲንዝ የገነነው በሁለት ምክንያት ይመስለኛል። አንደኛው የቴክሳስ ሰው በዓሉን አለመተዉ ነው። ሁለተኛው ስደት ነው። በ20ኛው መቶ ዘመን ወደ 6 ሚሊዮን የሚጠጉ ጥቁሮች ደቡብን ለቀው ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ሄደዋል። የቴክሳስ ልጆች በዓላቸውን ይዘው ሎስ አንጀለስና ኦክላንድ ገቡ። ወደ ሜክሲኮም ተሻግሯል፤ ናሲሚየንቶ በምትባል የኮዋዊላ መንደር የጥቁር ሴሚኖሎች ዘሮች ያከብሩታል፤ ጥቁር ሴሚኖሎች የሚባሉት ከባርነት አምልጠው ሴሚኖል ከተባሉት የአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች ጋር የኖሩ ጥቁሮች ናቸው።

በዓሉ በሕዝብ እጅ

የመጀመሪያው መታሰቢያ የተደረገው በ1866 ነው፤ ማንም ባለሥልጣን አላዘዘም። ሰዎቹ ያላቸውን ምርጥ ልብስ ለብሰው ወጡ። ባሪያ ሳሉ የሚለብሱት ተወስኖላቸው ነበርና ልብሱ ራሱ መልእክት ነበረው። የአርነት አዋጁ ይነበባል። መዝሙር ይዘመራል። ሽማግሌዎች የደረሰባቸውን ይናገራሉ። ከዚያ ጥብሱ ይወጣል፣ ጨዋታው ይጀመራል። ጥቁር ካውቦዮች በፈረስ ይወዳደራሉ።

የሚሰበሰቡበት ቦታ ግን ችግር ነበር። በነጮች መናፈሻ መግባት አይፈቀድላቸውም። በ1872 የሂውስተን ጥቁሮች፣ ከመሪዎቻቸው አንዱ በባርነት የነበሩት ቄስ ጃክ ዬትስ ነበሩ፣ ገንዘብ አዋጥተው 10 ኤከር መሬት ገዙ። "የአርነት መናፈሻ" አሉት። ከባርነት ከወጡ ሰባት ዓመት ገደማ የሆናቸው ድሆች ለበዓል ብቻ መሬት ገዙ! መናፈሻው ዛሬም አለ።

ምግቡም ይናገራል። ቀይ ነገር ይበዛል፦ ቀይ ለስላሳ፣ ሐብሐብ፣ ቀይ ኬክ፣ እንጆሪ። ለምን ቀይ? አንዳንዱ የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይላል። የምግብ ታሪክ አጥኚዎች ደግሞ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ይወስዱታል። ቀዩ ለስላሳ በእኛም አገር ከሚታወቀው ከከርከዴና ከኮላ ፍሬ ከሚዘጋጁ መጠጦች የወረደ ነው ይላሉ። ሁለቱ አይጣሉም። መጠጡ በውቅያኖስ አብሮ ተሻግሮ፣ ትርጉሙ በኋላ ሊጨመርበት ይችላል።

ስለዚህ "ይህ የሐዘን ቀን ነው ወይስ የደስታ?" የሚል ጥያቄ ሲነሳ በዓሉን ከሚያከብሩት ልማድ መልሱን ማግኘት ይቻላል። መጀመሪያ ይነበባል፣ ይጸለያል። ከዚያ ይበላል፣ ይጨፈራል። ብሉዝና ጎስፔል በአንድ ሜዳ ይሰማሉ። የተገረፈው ሰው ልጅ ሲስቅ መታየቱ የመታሰቢያው አንድ ክፍል ነው።

በዓሉ የቀዘቀዘበት ዘመንም ነበር። ሰው ወደ ከተማ ሲገባ አሠሪው ለጁን 19 ፈቃድ አይሰጥም። በ1968 ግን ተነቃቃ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ከተገደሉ በኋላ የድሆች ዘመቻ ተሳታፊዎች ጁን 19 ዋሽንግተን ላይ ትልቅ ሰልፍ አደረጉ። ከየግዛቱ የመጡት ሰዎች በዓሉን ይዘው ወደየቤታቸው ተመለሱ። በ1979 ቴክሳስ የግዛቱ ሕጋዊ በዓል እንዲሆን ሕግ አወጣች፤ ሐሳቡን ያቀረቡት የምክር ቤት አባሉ አል ኤድዋርድስ ናቸው።

ከመናፈሻ ወደ ፌዴራል ሕግ

ኦፓል ሊ የሚባሉ የፎርት ወርዝ ጡረተኛ መምህርት አሉ። የ12 ዓመት ልጅ ሳሉ፣ ጁን 19 ቀን 1939፣ ቤተሰባቸው በነጮች ሰፈር የገዛውን ቤት የነጮች መንጋ አወደመው። በ2016፣ በ89 ዓመታቸው፣ በዓሉ ብሔራዊ እንዲሆን ለመጠየቅ በእግር ጉዞ ጀመሩ። በየቀኑ 2 ማይል ተኩል ይራመዱ ነበር፤ ስለ ሁለት ዓመት ተኩሉ መዘግየት።

በሜይ 2020 ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ ተገደለ። አገሩ በተቃውሞ ተናወጠ። ብዙ ድርጅቶች ጁንቲንዝን የእረፍት ቀን አደረጉት። በጁን 2021 የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ያለ ተቃውሞ አጸደቀው። የተወካዮች ምክር ቤት 415 ለ14 ደገፈው። ፕሬዚዳንት ባይደን ጁን 17 ፈረሙ፤ ኦፓል ሊ አጠገባቸው ነበሩ። ከማርቲን ሉተር ኪንግ ቀን ሕግ ወዲህ፣ ማለትም ከ1983 በኋላ፣ የመጀመሪያው አዲስ ፌዴራል በዓል ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። የፌዴራል በዓል ማለት የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ፣ ሠራተኞቻቸውም ደመወዛቸው ሳይነካ ያርፋሉ ማለት ነው። የግል ድርጅት እንዲዘጋ አያስገድድም። ግዛቶችም የራሳቸውን ይወስናሉ። ስለዚህ ሆስፒታል፣ ሆቴል ወይም መጋዘን የሚሠራው ወገናችን በበዓሉ ቀን ሥራ ቢገባ ሕግ አልተጣሰም።

የሚነሱት ክርክሮች

የሚቃወሙት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንዶች የሥራ ቀን መባከኑን ያነሳሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዕረፍት ቀን ወጪ አለው። ግን ይኸው ሒሳብ በሌሎቹ በዓላት ላይ እኩል ሲነሳ አይሰማም። ሌሎች ደግሞ በሕጉ ውስጥ "የነጻነት ቀን" የሚለው ስም ከጁላይ 4 ጋር ተፎካካሪ በዓል ይፈጥራል፣ አገሩንም በዘር ይከፍላል ይላሉ። ለዚህ መልሱ የቆየ ነው። ራሱ ከባርነት ያመለጠው ፍሬድሪክ ዳግላስ በ1852 ሮቼስተር ላይ ባደረገው ንግግር ጁላይ 4 ለባሪያ ምኑ ነው ብሎ ጠይቆ ነበር። ክፍፍሉ በ2021 አልተፈጠረም። እንዲያውም ጁንቲንዝ ጁላይ 4ን ሙሉ ያደርገዋል የሚለው ሐሳብ ያሳምነኛል። በ1776 "ሰው ሁሉ እኩል ነው" ተባለ። በ1865 ቃሉ የቀሩትን ሰዎች ማካተት ጀመረ።

ከጥቁሮቹ በኩል የሚመጣው ትችት የበለጠ ይከብዳል። "እኛ የጠየቅነው የፖሊስ ማሻሻያ፣ የመምረጥ መብት ጥበቃና ካሳ ነው፤ የተሰጠን የዕረፍት ቀን ነው" ይላሉ። በዓል ርካሽ ነው፤ ማንንም ብዙ አያስከፍልም። ለዚህ ነው ያለ ብዙ ጭቅጭቅ ያለፈው። የቴክሳስ ገዥ በትምህርት ቤት ስለ ዘረኝነት የሚሰጠውን ትምህርት የሚገድብ ሕግ የፈረሙት ጁን 15 ቀን 2021 ነው። የበዓሉ ሕግ ከተፈረመበት በሁለት ቀን ይቀድማል። ልጆች ቀኑን ያርፉበታል፤ ለምን እንደሚያርፉ የሚነግራቸው መምህር ግን ቃሉን ይመጥናል። የንግዱም ነገር አለ። በ2022 አንድ ትልቅ የሱፐርማርኬት ድርጅት የበዓሉን ስም የለጠፈ አይስክሬም አውጥቶ ቁጣ ሲነሳ ይቅርታ ጠይቆ አንስቶታል።

ይህን ሁሉ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው በዓሉ መኖሩን እመርጣለሁ። ትችቱ ልክ ስላልሆነ አይደለም። ቀኑ ራሱ የትችቱን ማስረጃ ስለያዘ ነው። ታሪኩ በትክክል ከተነገረ "አዋጅ አለ፤ አስፈጻሚውስ?" የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይነሳል።

እኛን የሚነካው የት ላይ ነው?

ሁለት ቦታ ላይ ይነካናል። የመጀመሪያው የአሜሪካ በር ነው። ከ1924 ጀምሮ የነበረው የኢሚግሬሽን ሕግ በትውልድ አገር ኮታ ላይ የቆመ ነበር፤ ለአፍሪካውያን በሩ የተዘጋ ያህል ነበር። ኮታው የተሰረዘው በ1965 ነው፤ የጥቁሮችን የመምረጥ መብት ያስከበረው ሕግ በወጣበት ዓመት፣ በዚያው ምክር ቤት። ያንን ዘመን ያመጡት ለመብታቸው ሰልፍ ወጥተው በአላባማ ከተሞች በሴልማና በበርሚንግሃም የተደበደቡት ጥቁሮች ናቸው። ዛሬ ዋሽንግተን አጠገብ ባለችው ሲልቨር ስፕሪንግ ምግብ ቤት የከፈተ ወገናችን የዚያ ትግል ፍሬ ደርሶታል። "የነሱ በዓል ነው" ብሎ ማለፍ ይህን መርሳት ይሆናል።

ሁለተኛው የራሳችን ቤት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥም ባርነት ነበር፤ የባሪያ ፍንገላም ነበር። በ1923 ኢትዮጵያ የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማጥፋት ቃል ገብታለች። በ1924 እና በ1931 ቀስ በቀስ ነጻ የሚያወጡ ሕጎች ወጡ። ጣልያን በ1935 ሲወርረን ይህን ጉዳይ ለፕሮፓጋንዳው ተጠቅሞበታል። ምናልባት ለዚህም ይሆናል ርዕሱን ማንሳት የሚያሳፍረን። በመጨረሻ ነሐሴ 20 ቀን 1934 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ ባርነትን ጨርሶ የሚያስቀር አዋጅ ወጣ።

ሁለቱ ታሪኮች አንድ አይደሉም። የአሜሪካው በጥጥ ንግድና በቆዳ ቀለም ላይ የተገነባ ሥርዓት ነበር። የእኛው መልኩም አሠራሩም ከቦታ ቦታ ይለያያል። አንድ የሚያደርጋቸው ግን አለ፤ በሁለቱም ቦታ በአዋጁና በኑሮው መካከል ረጅም መንገድ ቀርቶ ነበር። እኛ ዘንድ ነሐሴ 20ን የሚያስብ ብሔራዊ በዓል የለም። ነጻ የወጡትም ሰዎች መሬት አልተቆረሰላቸውም። "ባሪያ" የሚለው ቃል ዛሬም የጠቆረ ሰው መስደቢያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ሳይቀር፣ በአማርኛ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ሲወራ ይሰማል።

ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል?

በዓሉ በሕግ የቆመ ነው። ፕሬዚዳንት ብቻውን ሊሰርዘው አይችልም፤ ምክር ቤቱ ሕጉን መሻር አለበት። 415 ድምፅ ያገኘን ሕግ መሻር ቀላል አይደለም። መመንመን ግን ይችላል። የመንግሥት መግለጫ ሊቀር ይችላል። በ2020 በጉጉት የገቡ ድርጅቶች ድጋፋቸውን መቀነስ ጀምረዋል፤ በ2025 አንዳንድ ከተሞች በዓሉን ያሳነሱትም ገንዘብ አጥተው ነው። ትልቁን መድረክና ታዋቂ ዘፋኝ የሚጠብቅ ሰው ቅር ሊለው ይችላል።

የጋልቭስተን ሰዎች ግን ያ ሁሉ ሳይኖርም ያውቁበታል። ሪዲ ቻፕል በምትባል የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን የሚያበቃ ጉዞ አላቸው። በ1866 የቀድሞ ባሪያዎች ከፍርድ ቤቱ ተነስተው ወደዚያች ቤተ ክርስቲያን እንደሄዱ እነሱም በየዓመቱ ይሄዳሉ። ሲደርሱ ትዕዛዝ ቁጥር 3 ይነበባል።